አንዴ የሚከብድ፣ አንዴ የሚቀል ምላጭ

ቡና በሚለቀምበት ወራት ወደ ሊሙ ገነት ብቅ ያለ ሰው፣ ወደ ማታ በየእርሻው ግቢ ሚዛን ተሰቅሎ፣ ለቃሚው ከነልጆቹ ተሰልፎ፣ ገንዘብ ያዡም ደብተሩን ዘርግቶ ሳያይ አይመለስም። ከገንዘብ ያዡ አጠገብ ደግሞ ዘበኛ አይጠፋም። እኛም ባንዱ እርሻ ተገኝተን የሰማነው የዘበኞቹን አለቃ ችግር ነው። እኒህ ሰው በዕድሜያቸው ገፋ ያሉ፣ በወጣትነታቸው ረዥም ጠመንጃ የለመዱ ሲሆኑ፣ ለሥራቸው በሕግ ፈቃድ የወጣለት አዲስ አጭር ሽጉጥ ታጥቀዋል። ታዲያ ምላጩ፣ ቃታ የሚለውም አለ፣ አንድ ጊዜ ሲስቡት ይከብዳል፤ ሌላ ጊዜ ሳያስቡት ይለቃል።

«ልጄ፣ እኔ ከሌባው ይልቅ የምፈራው ይህንን ነው» አሉን፤ የተሰለፉትን ሕፃናት በአገጫቸው እያመለከቱ።

ፍርሃታቸው አያስቅም። ምላጩ የሚለቅበትን ነጥብ የማያውቅ ሰው፣ ሊያስፈራራ ብቻ ባሰበበት ሰዓት ሊተኩስ ይችላል። ሊተኩስ በፈለገ ጊዜ ደግሞ ከምላጩ ጋር ሲታገል እጁ ይዛነፍበታል፤ ሽጉጥ አጭር ነውና ትንሿ መዛነፍ ጥይቱን ካልታሰበ ቦታ ታደርሰዋለች።

ይሁን እንጂ ሽጉጡን ከመውቀስ በፊት አንድ ጥያቄ መቅደም አለበት፤ ይኸውም ልዩነቱ ብልሽት ነው ወይስ የስሪቱ ጠባይ? የሚለው ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ጦር የተቀበለውን ማካሮቭን እንመልከት። መዶሻው ተኝቶ ሳለ ምላጩ ሁለት ሥራ አለበት፤ መዶሻውን ያነሣል፣ ከዚያም ይለቀዋል። ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ግን ከላይ ያለው ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ሲሄድ መዶሻውን ራሱ ስለሚያነሣው፣ ለጣት የሚቀረው መልቀቅ ብቻ ነው። በ1931 እ.ኤ.አ. የወጣው ትንሹ የጀርመን ዋልተር ፒፒኬም እንዲሁ ነው፤ የፊተኛው ስበት 6 ኪሎ ገደማ ጉልበት ሲጠይቅ የኋለኛው 3 ኪሎ አይሞላም። ይህን ያላወቀ ሰው ደኅናውን መሣሪያ ተበላሸ ብሎ ይጥላል።

የዘበኞቹ አለቃ ሽጉጥ ግን ሌላ ዓይነት ነው። መዶሻ የለውም፤ በውስጡ በሞላ የሚገፋ መርፌ አለ። የኦስትሪያ ጦር በ1982 እ.ኤ.አ. የተቀበለው ግሎክ የዚህ ዓይነት ሲሆን፣ የተለመደው የምላጩ ክብደት 2 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። በዚህ ዓይነቱ ሽጉጥ ፊተኛውም ሆነ አሥረኛው ስበት መመሳሰል አለበት። ካልተመሳሰለ ምክንያት አለው።

አንዱ ምክንያት አዲስነቱ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ዝገት እንዳይበላው ወፍራም ቅባት ይቀባል፤ ያም ቅባት በሊሙ የማለዳ ብርድ ይረጋል፣ የጀንፈሉንም ብናኝ ይሰበስባል። እርስ በርሳቸው የሚፋተጉት ብረቶችም ጠርዛቸው ገና አልለሰለሰም። ስለዚህ በአምራቹ መመሪያ መሠረት አጽድቶ፣ ቀጭን ዘይት በተነገረው ቦታ ብቻ ጠብ አድርጎ፣ በተፈቀደ የተኩስ ሥፍራ ጥቂት ጊዜ መለማመድ ብዙውን ያስተካክለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የራስ ጣት ነው፤ ይህንንም ብዙ ሰው አይጠረጥርም። ምላጭ ከላይ በካስማ ተይዞ የሚወዛወዝ ማንሻ ነው። እንበልና ከካስማው 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሲሳብ 3 ኪሎ የሚፈልግ ቢሆን፣ ጣቱ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሲወርድ 2 ኪሎ ከ400 ግራም ይበቃዋል። የአጭር ሽጉጥ እጀታ አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት ማረፊያ ታጣለች፤ መዳፉ በተንሸራተተ ቍጥር የምላጩም ጣት ቦታውን ይለውጣል።

የዘበኞቹ አለቃ ይህን ስንነግራቸው ሳቁ። በልጅግ ላይ ምላጩ መጀመሪያ ላላ ብሎ ይመጣል፣ ቀጥሎ ይቆማል፣ ከቆመበት ገፋ ሲያደርጉት ይለቃል፤ እርሳቸው የለመዱት ያንን መቆሚያ ነው። በአዲሱ ሽጉጥም ያን መቆሚያ ሲፈልጉ ያልፋቸዋል።

ነገሩን የለየው ግን ገንዘብ ያዡ ነው። ይህ ወጣት ቀኑን ሙሉ እሸት ቡና ሲመዝን ስለሚውል፣ «ጋሼ፣ ለምን አንመዝነውም?» አለ፤ ማር የሚመዘንባትን ባለ መንጠቆ ትንሽ ሚዛንም አመጣ። አስቀድመው ካርታውን አወጡ፤ ተንሸራታቹን ስበው ጥይት የሚገባበትን ጉሮሮ በዓይንም በጣትም ፈተሹ፤ ጥይቱን ወደ ሌላ ክፍል አስወሰዱ፤ አፈሙዙንም ወደ አፈር ክምር አዞሩት። ከዚያ መንጠቆውን ከምላጩ አንድ ቦታ ላይ እያደረጉ፣ ቀስ ብለው ቀጥ አድርገው ዐሥር ጊዜ ሳቡ፤ ወጣቱም ምላጩ የለቀቀበትን ቍጥር በደብተሩ ጻፈ። ሽጉጡ ከጸዳ በኋላ ደገሙት።

ከመጽዳቱ በፊት ቍጥሮቹ የተበታተኑ ነበሩ። ከጸዳ በኋላ ስምንቱ ተቀራረቡ፤ ሁለቱ ግን ከሌሎቹ ከብደው ተገኙ። እንግዲህ ሦስት ነገር ተለየ ማለት ነው፤ ጥቂቱ የቅባቱ፣ ጥቂቱ የጣታቸው፣ የቀረው ደግሞ በእርግጥ የሽጉጡ ጥፋት ነው።

በዚህ ጊዜ አንድ የጋራዥ ልጅ ቀረብ ብሎ፣ «ሞረድ ስጡኝና ባንድ ሰዓት አለሰልሰዋለሁ» አለ። ልጁ ብልኅ ነው፤ የቡና መፈልፈያ ሞተር ሲጠግን አይተነዋል። ነገር ግን መርፌውን ይዞ የሚያቆየው ጥርስ እጅግ ጠባብ ነው። በሞረድ ጥቂት የተበላ እንደ ሆነ ምላጩ በእርግጥ ይቀላል፤ ይሁን እንጂ ሽጉጡ ከእጅ ቢወድቅ ራሱ ሊተኩስ ይችላል። ሞላውን መቍረጥም ያው ነው፤ ምላጩ በቀለለበት ሽጉጥ ጥይቱ አልነሣ ሊል ይችላል። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት በፈቃድ የተያዘን መሣሪያ ጋራዥ ውስጥ መፈታታት የሚያመጣው ጣጣም ቀላል አይደለም።

አለቃው ልጁን አመስግነው መለሱት። ሽጉጡም በማግሥቱ ባዶውን ተጠቅልሎ፣ ከደብተሩ የተቀደደው ሃያ ቍጥር ያለበት ወረቀት ተጨምሮበት፣ ከነፈቃዱ በእርሻው መኪና ወደ ሻጩ ተላከ። እስኪመለስ ድረስ አለቃው በዱላ ብቻ ይጠብቃሉ፤ ወጣቱም ማታ ማታ የገንዘቡን ሣጥን ከመክፈቱ በፊት ለቃሚዎቹን ከጠረጴዛው ዐሥር እርምጃ ያርቃል።