ከቤት ሥራው በፊት ጨዋታው

በክረምት ምዝገባ ሲጀመር ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «እንግሊዝኛችሁ እንዴት ነው?» ቀጥሎ የክፍያው ነገር ይመጣል፣ ከዚያ የሰርቪሱ። አንዲት መምህርት ስንት ልጅ ትይዛለች፣ ልጆቹ ስንት ሰዓት ይጫወታሉ፣ ተረት ይነገራቸዋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ በጣም ጥቂት ነው። በዚህ ወላጅን አልወቅስም፤ ምን እንደሚፈራ አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው የተነገረ ጊዜ፣ ልጃቸው ገና ዳይፐር ያልተወ ሰዎች ሳይቀሩ ደንግጠው ነበር። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውም ፈተና እንዲሁ። አባትና እናት «ቶሎ ይጀምርልኝ» ቢሉ ከፍቅርም ከስጋትም ነው።

ለዓመታት ከሕፃናት ጋር ውዬ ያየሁት ግን እንዲህ ነው፦ አንደኛ ክፍል ሲገባ ንባብ የሚቀናው፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያጫውተው ልጅ ነው። የቤቱ ቋንቋ አማርኛ ይሁን ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ይሁን ጉራጊኛ ልዩነት አያመጣም። ልጁ በዚያ ቋንቋ መጠየቅ፣ መከራከር፣ የሆነውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መተረክ ከለመደ እኛ መምህራን የምንሠራበት ነገር አለን ማለት ነው።

መስከረም ላይ አዲስ የሚመጡትን ልጆች ሳነጋግር ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። አንዱ ቀለማቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይደረድራል፤ ሬድ፣ ብሉ፣ ዬሎ። እናቱ በኩራት ታየዋለች፣ መኩራቷም ደስ ይለኛል። «እሑድ የት ሄዳችሁ?» ብዬ ስጠይቀው ግን «አክስቴ… መኪና… ኬክ…» ይልና ይቆማል። ሌላዋ አያቷ ቤት ያደገች ናት። የአንዱንም ቀለም እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ግን ለበዓል የተገዛው ዶሮ ከእግሩ ገመድ እንዴት እንዳመለጠ፣ ማን ማን እንዳባረረው፣ በማን አልጋ ሥር እንደተገኘ፣ አያቷ ምን ብላ እንደሳቀች አንድም ሳታስቀር ትነግረኛለች። ያቺ ልጅ የእንግሊዝኛ ቀለማቱን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትይዛቸዋለች። የመጀመሪያው ልጅ የጎደለውን ለመሙላት ግን ዓመትም ላይበቃው ይችላል፤ ምክንያቱም የሆነውን በቅደም ተከተል ማሰብና መናገር በገበታ ተሰቅሎ የሚጠና ነገር አይደለም። ነገ መጽሐፍ ሲከፍት የሚያነበውን የሚረዳው በዚህ ነው።

ፊደል ላይ ያለውንም ልንገራችሁ። በገበታው ላይ 33ቱ ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በሰባት ቤት ሲረቡ 231 ይሆናሉ። ብዙ ልጆች ሙሉውን በዜማ ይወርዱታል፤ እንግዳ ሲመጣም ቤት ውስጥ ይታያሉ፣ ይጨበጨብላቸዋል። እኔ ግን ጣቴን መሐል ላይ ሳሳርፍና «ይቺ ማን ናት?» ስል ልጁ ከ«ለ» ተነሥቶ፣ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ» እያለ እስከ «ሌ» ድረስ በጣቱ ይቆጥራል። ዜማውን ይዟል፤ ፊደሏን ገና አልተዋወቃትም። «ለ» እና «ሰ» እና «በ» ጎን ለጎን ሲመጡበት ደግሞ ጨርሶ ይጠፋበታል።

ይህን የሚያቃልለው ጆሮው ነው። የእኛ ፊደል ለልጅ የሚመች ፊደል ነው፤ «ቡና» ሁለት ጊዜ ይጨበጨባል፣ ሁለት ፊደል ነው። «ጫማ»፣ «አበባ» እያሉ ቃልን በጭብጨባ መቆራረጥ የለመደ ልጅ፣ ፊደል ምን እንደሚሠራ ሳይነገረው ይገባዋል። ሳድሱ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። «ልብስ» በአንድ ትንፋሽ ተብሎ የሚያልቅ ቃል ሆኖ ሦስት ፊደል ይጻፋል፤ ብዙ ልጆች አንዱን ጥለው የሚጽፉትም እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ቃሉን ቀስ አድርጎ ደጋግሞ መስማት ነው፤ ይህ ደግሞ ምግብ እየቀረበ፣ ዕቃ እየታጠበ ይሠራል። «በ‹ቡ› የሚጀምር ነገር አምጡ» በሏቸውና ቡና፣ ቡችላ፣ ቡላ እያሉ ሲሽቀዳደሙ ስሟቸው። እንቆቅልሽም ከዚሁ ወገን ነው። «ምን አውቅልህ» ብሎ የመለሰ ልጅ ቃልን አገላብጦ ማየት ጀምሯል። አገር ስጠኝ ብሎ ጎንደርን ወይም ሐረርን ሲቀበል ደግሞ ጂኦግራፊም ይማራል።

ይህን ሁሉ የምለው የቋንቋው ነገር ብቻውን በቂ ስለሆነ አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቅዷል። ያም ሆኖ በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በልጆቹ በራሳቸው የትምህርት ቋንቋ በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ማስተማሩ የእኛ የመምህራን ድርሻ ነው፣ ከእሱ አልሸሽም። ነገር ግን በአንድ ክፍል የሚጨናነቁትን ሕፃናት ተራ በተራ ማጫወት ለአንዲት መምህርት ከአቅም በላይ ነው። ልጅን አንድ ለአንድ የሚያጫውት ሰው የሚገኘው ቤት ነው።

በቅርብ ዓመታት አንድ ልማድ እየተስፋፋ ነው፤ በጣም ያሳስበኛል። «ቲቸር፣ ቤት ውስጥ አማርኛ እንዳይናገር ከልክለነዋል» የሚሉኝ እናቶች አሉ። ደክመው ለፍተው የሚያደርጉት ነው። ሆኖም እናትየው ራሷ እንግሊዝኛውን የተማረችው ለሥራ ያህል ከሆነ፣ ከልጇ ጋር ስታወራበት የሚቀራት ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ካም፣ ሲት፣ ኢት፣ ዶንት ተች። በራሷ ቋንቋ ቢሆን ኖሮ ምድጃውን ለምን እንደማይነካ ታስረዳው ነበር፤ እሷም በልጅነቷ ጣቷን ተቃጥላ አያቷ ምን እንደቀባቻት ትነግረው ነበር፤ እሱም «አለቀስሽ?» ይላት ነበር። ይህ ሁሉ ይቀራል። ልጁ እንግሊዝኛ አላገኘም፣ እናቱንም በሙሉ አላገኘም። እንግሊዝኛ ያስፈልገዋል፤ በደንብ ከሚናገር ሰው፣ በመዝሙርና በሥዕል መጽሐፍ፣ በትምህርት ቤት ይማረው። እናንተ ግን የምትቆጡበትን፣ የምታባብሉበትንና የምትስቁበትን ቋንቋ ስጡት።

ስለ ቤት ሠራተኞቻችንም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በአዲስ አበባ ብዙ ሕፃናት የነቁበትን ሰዓት አብዛኛውን የሚያሳልፉት ከገጠር ከመጣች ወጣት ጋር ነው። ወላጆች በስልክ ስለ ምግቡና ስለ እንቅልፉ ይጠይቋታል፤ ከልጁ ጋር ምን እንዳወራች የሚጠይቃት የለም። አንዳንዶች «የሷን አነጋገር እንዳይለምድብኝ» ብለው ዝም እንድትል ያደርጓትና ልጁን ለቴሌቪዥን ይሰጡታል። እኔ በእነዚህ ወጣቶች እጅ ካደጉ ልጆች አፍ የሰማኋቸው ተረቶች፣ የከብት ስሞች፣ የአዝመራ ጨዋታዎች በየትኛውም የመዋዕለ ሕፃናት መጽሐፍ ውስጥ የሉም። ጅቡና አህያይቱ ምን እንደተባባሉ የሚያውቅ ልጅ ፀጥ ብሎ ያዳምጠኛል፤ ራሱም ሲተርት ክፍሉን ሁሉ ያስደምጣል። ያቺ ወጣት ለልጃችሁ የመጀመሪያዋ መምህር ናት። ብዙ ጊዜ እሷም ገና ትምህርት የሚገባት ናት፤ የማታ ትምህርት እንድትማር ጊዜ ስጧት፣ ደብተርም ግዙላት። ልጃችሁ እሷ ስታጠና ማየቱ በገንዘብ የማይገዛ ነው።

የቤት ሥራውም ይነገር። የአምስት ዓመት ልጅ ከሰርቪስ ወርዶ፣ ተጫጭኖት፣ አንድ ገጽ ሙሉ አንድ ፊደል እንዲሞላ ሲታዘዝ ጣቱ አይችልም። እርሳሱን በጭብጡ ይይዛል፣ ወረቀቱን ይቀድዳል፣ ያለቅሳል። ሌሊቱን እናቱ ትሞላለታለች፤ የትልቅ ሰው እጅ መሆኑን ጠዋት ደብተሩን ስንከፍት እናየዋለን። ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ «ጥሩ ሠርቷል» ተብሎ ይፈረማል። ከዚህ ማን ተጠቀመ? ይህን የሚያዙ ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚያዙት ወላጅ ስለሚጠይቃቸው ነው፤ ደብተር ያልሞላ ትምህርት ቤት ያላስተማረ ይመስላል። ጣትን የሚያጠነክረው ሥራ ወጥ ቤት ውስጥ ሞልቷል። ምስር ሲለቅም፣ አተር ሲፈለፍል፣ ሊጥ ሲያድቦለቡል፣ የሹራቡን ቁልፍ ራሱ ሲቆልፍ፣ እርሳስ የሚይዝበት ጣት ይሠራለታል።

ሒሳቡም ከዚያው ነው። ቡና ሲፈላ ስኒ እንድትደረድር የምትታዘዝ ልጅ ስንት ሰው እንዳለ ትቆጥራለች፣ ስንት ስኒ እንደጎደለ ታውቃለች፤ ይህ መቀነስ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስትል አንደኛን፣ ሁለተኛንና ሦስተኛን በቅደም ተከተል ታገኛቸዋለች። ፈንዲሻውን ለወንድሞቿ እኩል ስታካፍል ደግሞ ማካፈልን ጀምራለች፤ እኩል ካልሆነ ጩኸቱ ይነግራታል። ሱቅ ሲላኩ መልስ መቁጠርም አለ፤ ዛሬ መንገዱን መኪና ስለሞላው ልጅን ብቻውን መላክ አይቻል ይሆናል፣ አብሮ ሄዶ ብሩን በእጁ ማስከፈል ግን ይቻላል።

የጊዜ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖርና መርካቶ የሚሠራ አባት፣ ልጁ ሳይነቃ ወጥቶ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ይገባል። ለዚህ ሰው «በየማታው ሁለት ሰዓት አጫውት» ብለው ግፍ ይሆንብኛል። የምለምነው ያለችውን ትንሽ ጊዜ ነው። ታክሲ ውስጥ ስልኩን ለልጁ ከመስጠት በመስኮት የሚያልፈውን ታፔላ አብረው ቢያነቡ፣ ዳቦ ቤቱን፣ ፋርማሲውን፣ ፀጉር ቤቱን፤ ረዳቱ የሚጠራውን ሰፈር የት እንዳለ ቢነግረው። እሑድ ጫማ ሲጠርጉ የአባትየው አባት ምን ይሠራ እንደነበር ቢያወራለት። ልጆች ሰኞ ክፍል ገብተው በጉጉት የሚነግሩኝ የአባታቸውን ጨዋታ ነው፤ ከቴሌቪዥን ያዩትን እንዲህ ሲናገሩ አልሰማም።

ገንዘብ የሌላቸው ወላጆች ደግሞ ጥሩ መዋዕለ ሕፃናት ስላላስገቡ ልጃቸውን የበደሉ ይመስላቸዋል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ኦ ክፍል አስገብተው አንገታቸውን ደፍተው የሚያወሩኝ እናቶች አሉ። አንገታቸውን የሚያስደፋ ነገር የለም። በእርግጥ የራበው ልጅ ተረትም ፊደልም አይሰማም፤ ለዚህ ነው በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው ምገባ ትልቅ ሥራ ነው የምለው። ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታው ነው፤ እሱ ደግሞ ከእናቱ አፍ በነፃ ይገኛል። በጥንቱ ጊዜም የቄስ ትምህርት ቤቱ ልጅ ቀን ፊደል ሲቆጥር ይውልና ማታ እሳት ዳር ተረት ይሰማ ነበር። እኛ ፊደሉን አስቀርተን አይደለም፤ ማታውን ነው የረሳነው።

ስለዚህ በዚህ ክረምት ለምዝገባ የምትወጡ ወላጆች፣ እኛን ስለ እንግሊዝኛችን ጠይቁን፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። አብራችሁ ግን ይህንንም ጠይቁ፦ ልጄ በቀን ስንት ጊዜ ራሱ ይናገራል? መምህሯ ተረት ታውቃለች? ለኬጂ ልጅ ስንት ገጽ የቤት ሥራ ትሰጣላችሁ? የምትሰጡት ብዙ ከሆነስ ምን ልትለውጡ ታስባላችሁ? መልሱ ካላጠገባችሁ ትምህርት ባለበት ወቅት በዕረፍት ሰዓት ኑና በሩ ላይ ቁሙ። የሕፃናት ጩኸትና ሳቅ የማይሰማበት ግቢ ከሆነ ልጃችሁን እዚያ አታስመዝግቡ።