መብራቱ ምን አለ? ከቢቸና እስከ ሞጣ ሹፌሮች የሚሉትና እውነታው

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ የሚሠራ ሹፌር፣ ቀኑን ሙሉ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በመብራት ሲነጋገር ይውላል። ያመሰግናል፣ ይለምናል፣ ያስጠነቅቃል፣ ይቆጣል፤ ሁሉንም በአንድ ብልጭታ። ልማዱ ደግ ልማድ ነው፤ ሊጠፋም አይገባም። አደጋ የሚመጣው ሰጪው አንድ ነገር ብሎ ተቀባዩ ሌላ ሲረዳ ነው። ስለዚህ ከሹፌሮች አፍ የማይጠፉትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት፦ «መብራት ብልጭ ካደረገልኝ እለፍ ማለቱ ነው።»

እውነታ፦ ላይሆን ይችላል። ጠባብ ድልድይ ላይ ሁለት መኪኖች ከወዲህና ከወዲያ ሲደርሱ ሁለቱም ብልጭ ያደርጋሉ። አንዱ «እለፍ፣ እጠብቅሃለሁ» ማለቱ ነው፤ ሌላው «ደርሻለሁ፣ ቁም» ማለቱ። ምልክቱ ግን ያው ነው። ሁለቱም ለራሳቸው በሚመቻቸው መንገድ ከተረዱት ድልድዩ መሀል ይፋጠጣሉ። ጣሊያን አገር ብልጭታ አብዛኛውን ጊዜ «እየመጣሁ ነው» ማለት ሲሆን፣ እንግሊዝ አገር ብዙ ሹፌር «ቅደም» ለማለት ይጠቀምበታል። የእንግሊዝ የመንገድ ደንብ መጽሐፍ ግን ይህን ልማድ አይቀበለውም። መብራት ብልጭ የሚደረገው «እዚህ አለሁ» ለማለት ብቻ ነው፣ ተቀባዩም እንደ ፈቃድ እንዳይቆጥረው ይላል። በ1968 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም ብልጭታን ከጥሩምባ ጋር አብሮ ነው ያስቀመጠው፤ ሁለቱም ማስጠንቀቂያ ናቸው። እውነት ማሳለፍ የፈለገ ሰው ከድልድዩ ርቆ ቀኙን ይያዝና ጨርሶ ይቁም። የቆመ ጎማ ማንንም አያሳስትም።

ተረት፦ «ከፊቴ ያለው ቀኝ ፍሬቻ ካሳየኝ መንገዱ ነጻ ነው።»

እውነታ፦ ከተጫነ ተሳቢ ኋላ ዳገት ላይ ለተያዘ ሰው ይህ ትልቅ ውለታ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ አሻግሮ ያያል፤ ፊቱ ነጻ ሲሆን ቀኝ ፍሬቻ ያሳያል፣ መኪና ሲመጣ ደግሞ ግራውን። ነገር ግን የፍሬቻ ዋና ሥራ ይህ አይደለም። ቀኝ ያሳየው ዳር ይዞ ሊቆም ወይም ወደ ገጠር መንገድ ሊገባ ይሆናል። ግራ ያሳየውም «አትቅደም» ሊል ወይም በእርግጥ ወደ ግራ ሊታጠፍ ይችላል። ሁለቱም ትርጉሞች የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፦ ግራ ፍሬቻ እየበራ በምንም ምክንያት አይቀደምም።

ቀኝ ሲያሳይስ? ሂሳቡን እንሥራው። ከፊት ያለው አይሱዙ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል፤ ከኋላ ያለው በ60 ሊቀድመው ወጣ። ከኋላው ተነስቶ፣ አልፎት፣ ቀኙን እስኪይዝ 50 ሜትር ያህል መብለጥ አለበት። ይህ 9 ሰከንድ ይፈጃል። በ9 ሰከንድ የሚቀድመው መኪና 150 ሜትር ይጓዛል፤ ከፊት በ80 የሚመጣ መኪና ካለ ደግሞ እሱ 200 ሜትር ይቀርባል። በድምሩ 350 ሜትር ጥርት ብሎ የሚታይ መንገድ ያስፈልጋል ማለት ነው። የአይሱዙው ሹፌር ፍሬቻውን ያሳየው ባየበት ቅጽበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከኩርባው ለሚወጣው መኪና ኃላፊ አይደለም። ምልክቱን በምስጋና ተቀብሎ መንገዱን በራስ ዓይን ማየት ግድ ነው።

ተረት፦ «ረጅም መብራቱን ካልቀነሰልኝ እኔም አብርቼ አስተምረዋለሁ።»

እውነታ፦ ዓይኑ የታወረ አንድ ሹፌር በነበረበት መንገድ ላይ ሁለት ማድረግ ነው። እያንዳንዳቸው በ60 የሚመጡ ሁለት መኪኖች በየሰከንዱ 33 ሜትር ይቀራረባሉ፤ ብርሃን የመታው ዓይን ወደ ጨለማው ለመመለስ ግን ጥቂት ሰከንዶች ይፈልጋል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይበልጥ ይቆያል። ከሁለቱ መኪኖች መሀል በመንገዱ ዳር አህያውን እየነዳ ከገበያ የሚመለስ ገበሬ ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱም አያዩትም።

ደግሞም ሰውየው ባለጌ ላይሆን ይችላል። ቢቸና ላይ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ክብደቱ ወደ ኋላ ሲያርፍ አፍንጫው ቀና ይላል፤ አጭር መብራት ላይ እያለም ብርሃኑ ቀጥታ ዓይን ውስጥ ይገባል። በጭነቱ ልክ መብራቱን ዝቅ ማድረግ የሹፌሩና የረዳቱ ሥራ ነው፤ ከመነሳት በፊት መኪናውን ግድግዳ ፊት አቁሞ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ማየት ይበቃል። ብርሃን የመጣበት ሹፌር ደግሞ አንዴ ብልጭ አድርጎ ያስታውስ፤ ካልተቀነሰለት ዓይኑን ወደ መንገዱ ቀኝ ጠርዝ መልሶ ፍጥነት ይቀንስ።

መብራት ሲቀነስ ፍጥነትም አብሮ መቀነስ አለበት። የቪየናው ስምምነት ረጅም መብራት ቢያንስ 100 ሜትር፣ አጭር መብራት ቢያንስ 40 ሜትር እንዲያሳይ ይጠይቃል። በ80 የሚነዳ ሰው አደጋ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢወስድበት 33 ሜትር አልፏል። ለፍሬኑ የቀረው 7 ሜትር ብቻ ነው።

ተረት፦ «ጉም ሲወርድ ረጅም መብራትና አራቱን ፍሬቻ ማብራት ነው።»

እውነታ፦ ሁለቱም ይጎዳሉ። በክረምት ከጮቄ ተራራ በኩል ጉም ሲወርድ፣ ረጅም መብራት የውሃውን ብናኝ መትቶ ወደ ሹፌሩ ዓይን ይመለሳል፤ ፊት ለፊት ነጭ ግድግዳ ይቆማል። አጭር መብራት ወደ አስፋልቱ ስለሚያዘነብል ይሻላል፤ ዝቅ ብሎ የተገጠመ የጉም መብራት ካለም እሱ ይብራ። አራቱም ፍሬቻ እየበራ የሚሄድ መኪና ደግሞ ሲታጠፍ አይታወቅም፤ ከኋላ የሚመጣውም ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው የሚለውን መለየት ያቅተዋል።

ተረት፦ «ቀን መብራት ማብራት ባትሪ መጨረስ ነው።»

እውነታ፦ በአገራችን ቀን መብራት አብርቶ የሚሄድ ሰው ዕረፍት የለውም፤ የሚመጣው ሁሉ ጣቶቹን እየከፈተና እየዘጋ «አጥፋ» ይለዋል። ከቅንነት ነው። ነገር ግን ሞተሩ እየሠራ እስካለ ዲናሞው ባትሪውን ይሞላዋል። ስዊድን በ1977 እ.ኤ.አ. ሹፌሮች ቀንም እንዲያበሩ አስገድዳለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ሞዴል የቤት መኪኖች የቀን መብራት ይዘው እንዲወጡ አዟል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የበራ መኪና ከሩቅ ይታያል፣ በዝናብና በአቧራ ውስጥ ደግሞ ይበልጥ።

ተረት፦ «ትራፊክ መኖሩን በመብራት መንገር ውለታ ነው።»

እውነታ፦ ውለታው ለማን ነው? በልኩ የጫነ፣ ፍሬኑ ደኅና የሆነ፣ መንጃ ፈቃዱ በኪሱ ያለ ሹፌር ማስጠንቀቂያው ምንም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው በትርፍ ሰው የታጨቀውን ሚኒባስ ነው፤ ሰዎቹን ከመሀል መንገድ ያወርዳቸውና ትራፊኩን ካለፈ በኋላ መልሶ ይጭናቸዋል። ሌላም ጉዳት አለው። ያው ብልጭታ «ከብት መንገድ ላይ ነው»፣ «ድንጋይ ተንዷል» ለማለትም ያገለግላል። ለትራፊክ ሲባል በየቀኑ ከባከነ፣ ለናዳው የተሰጠ ዕለት ሰሚ ያጣል።

ተረት፦ «ተበላሽቼ ቆሜያለሁ፣ ቅርንጫፍ ጥዬበታለሁ፣ ይበቃል።»

እውነታ፦ ቀን ይረዳል፤ ማታ ግን ቅጠል ብርሃን መልሶ አያሳይም። ለቅርንጫፉ ማስያዣ የተደረደረው ድንጋይ ደግሞ ጥገናው ካለቀ በኋላ እዚያው ቀርቶ የሌላውን ጎማ ይጠብቃል። አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን ከመኪናው ኋላ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ኩርባ ካለም ከኩርባው በፊት ይቀመጥ፤ አራቱም ፍሬቻ ሊበራ የሚገባው ያኔ ነው። ከመነሳት በፊትም ድንጋዩ ይነሳ።

እነዚህን ሁሉ የሚያስማማቸው አንድ ሐሳብ ነው። መብራት የሚያበራ ሰው ሌላው እንዲያይ ይረዳል እንጂ በሌላው ፈንታ ማየት አይችልም። ስለዚህ መብራት ቀድሞ መቀነስ፣ ለሚቀድመው ቀኝ መያዝ፣ ማሳለፍ የፈለገ ጨርሶ መቆም፣ ምልክት የተቀበለም መንገዱን ራሱ ማረጋገጥ አለበት። የአሽከርካሪ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶች ይህን ከመሪና ከማርሽ እኩል ቢያስተምሩት፣ ነባር ሹፌሮችም ለረዳቶቻቸው መሪ ከማስያዛቸው በፊት ቢነግሯቸው፣ በጎው ልማዳችን ከነበጎነቱ ይቆያል።