ሁለት ጡረታ ያለው ጠባቂ

የምሠራው ሲያትል አካባቢ በሚገኝ የካውንቲ እስር ቤት ነው። ስካሩ ያልበረደለትን፣ ዕፁ ገና ከደሙ ያልወጣለትን ሰው ፖሊስ አምጥቶ ያስረክበንና ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእኛ ነው። አበሻ ወዳጆቼ “ፖሊስ ነህ አይደል?” ይሉኛል። በጡረታ በኩል ግን ፖሊስ አይደለሁም።

በዋሽንግተን ስቴት ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከ1970 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የራሳቸው የጡረታ ሥርዓት አላቸው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ፖሊስ ሙሉ ጡረታ የሚያገኘው በ53 ዓመቱ ነው። እኛ የካውንቲ ጠባቂዎች ግን ከቢሮ ጸሐፊዎች ጋር በአጠቃላይ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ውስጥ ነበርን፤ እዚያ ሙሉ ጡረታ በ65 ነው። የ64 ዓመት ሰው ሁለት ጎረምሶች ሲቧቀሱ መሃል ገብቶ እንዲገላግል የሚጠብቅ ሕግ ማን እንዳሰበው አላውቅም።

በ2004 የስቴቱ ምክር ቤት አዲስ ሕግ አወጣ። የስቴትና የካውንቲ እስር ቤት ጠባቂዎች፣ የፓርክ ጠባቂዎችና የመጠጥ ቁጥጥር መኮንኖች የሚገቡበት የሕዝብ ደኅንነት ሠራተኞች ጡረታ ተቋቋመ፤ ሥራ የጀመረው ሐምሌ 2006 ነው። አሥር ዓመት በዚሁ ሥርዓት ያገለገለ በ60 ዓመቱ ሙሉ ጡረታ ይወጣል። አዲስ ተቀጣሪ በቀጥታ ይገባል። ነባሮቹ ግን እስከ መስከረም መጨረሻ እንድንመርጥ ቅጽ ተሰጠን፤ ቅጹን ያልመለሰ በነበረበት ይቀራል።

ብዙ ክርክር የተነሣው ያለፈው አገልግሎት አብሮ ስለማይዛወር ነው። እኔ 33 ዓመቴ ነበር፤ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። አምስቱ ዓመት በድሮው ጡረታ እንዳለ ቀረና አዲሱ ከዜሮ ተቆጠረልኝ። ስለዚህ አሁን ሁለት ጡረታ አለኝ። የ57 ዓመቱ የፈረቃ አለቃችን ቅጹን አይቶ ሳቀ፤ አሥር ዓመት ቢሞላ 67 ሊሆነው ነው፣ ምን ያደርግለታል? ሕጉ ወጣቱን ጠቀመ፤ ጉልበቱን ለጨረሰው፣ በእኔ እይታ ከሁሉ ይበልጥ ለሚገባው፣ የጨመረለት ነገር የለም።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ከፍተኛ ደመወዝ የተከፈለባቸው ተከታታይ 60 ወሮች አማካይ ይወሰድና ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት ሁለት በመቶ ይታሰባል። አማካዩ በወር 8,000 ዶላር ቢሆን፣ ሃያ ዓመት ያገለገለ 40 በመቶውን፣ ማለትም 3,200 ዶላር፣ ዕድሜ ልኩን ያገኛል ማለት ነው። ሃያ ዓመት የሞላው ከ53 ጀምሮ አስቀድሞ መውጣትም ይችላል፤ ግን 60 እስኪሞላ ለሚቀረው ለእያንዳንዱ ዓመት ሦስት በመቶ ይቀነሳል። በ53 ቢወጣ 21 በመቶ ሄደ፤ 3,200ው 2,528 ይሆናል። ፖሊሱ በዚያው ዕድሜ ምንም አይቀነስበትም።

ሐምሌ 2026 ሃያ ዓመት ይሞላኛል፤ ዕድሜዬም 53 ይሆናል። ባለቤቴ “ውጣ” ትላለች። ወገቤም ከእሷ ጋር ነው፣ በተለይ ከስምንት ሰዓት ፈረቃ በኋላ ሰው ጎደለ ተብሎ ሌላ ስምንት ሰዓት በግድ ሲጨመርብኝ። የልጃችንን የኮሌጅ ክፍያ ሳስበው ግን 21 በመቶው ያንገበግበኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ የአገሬ ልጅ በአራተኛ ዓመቱ ሥራውን ለቀቀ። የጡረታ መብት የሚጸናው አምስት ዓመት ሲሞላ ነው። ያዋጣኸውን አታውጣ፣ እዚያው ወለድ ይያዝልህ፣ ከተመለስክ ካቆምክበት ይቀጥላል አልኩት። የአሠሪው መዋጮ ደግሞ ገንዘቡን ለሚያወጣ ሰው አይሰጥም። አመሰገነኝና ገንዘቡን አውጥቶ ለጭነት መኪና ቅድሚያ ክፍያ አደረገው። አሁን ሲያትልና ስፖኬን መካከል ይመላለሳል፤ ያገኘሁት ለት ጡረታ የሚባል ነገር አላነሣም፣ የናፍጣ ዋጋ ብቻ ነበር የሚያወራኝ።