የወላጆቻችንን ውስጥ እግር እንይ

ስለ ቆዳ ካንሰር የምናነበው ምክር አብዛኛው ለነጭ ቆዳ የተጻፈ ነው፤ ከፀሐይ ተጠበቁ፣ ፊታችሁንና ጀርባችሁን ተመልከቱ ይላል። በእኛ አዛውንቶች ላይ ግን ቀድሞ መታየት ያለበት ውስጥ እግራቸው ነው። ሜላኖማ የተባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር በጥቁር ሰው ላይ ሲነሣ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ በውስጥ እግር፣ በመዳፍ ወይም በጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሊን በ1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ የገደለው በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር የጀመረ ሜላኖማ ነበር። እሱ በወጣትነቱ ተቀጠፈ እንጂ በሽታው የሚበዛው ዕድሜ ሲገፋ ነው። የድሮ የእሳት ጠባሳና ለዓመታት እየደረቀ የሚያገረሽ ቁስልም ወደ ሌላ ዓይነት የቆዳ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል።

በአሜሪካ ሜላኖማ ከጥቁሮች ይልቅ በነጮች ላይ ከ20 እጥፍ በላይ ይበዛል። ከተገኘባቸው በኋላ አምስት ዓመት የሚሻገሩት ግን ከነጮች 94 በመቶ፣ ከጥቁሮች 70 በመቶ ገደማ ናቸው። በእግር የሚወጣው ዓይነት በባሕርዩ የከፋ ስለሆነ ነው የሚለው ክርክር ከፊል እውነት አለው፤ ዘግይቶ መገኘቱ ግን ሕመሙን የባሰ ያደርገዋል። ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ኪንታሮት፣ የጥፍር ፈንገስ ወይም የምት በለዝ ይመስላል። ጎንበስ ማለት የከበዳቸው፣ ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ደግሞ የራሳቸውን ውስጥ እግር አያዩም።

ምልክት የሌለውን ሁሉ መመርመር ይጠቅማል ለማለት በቂ ማስረጃ እንደሌለ የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ባለሙያዎች ቡድን በ2023 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። እቀበለዋለሁ። እኔ የምለው የእናቱን እግር የሚያጥብ፣ የአባቱን ጥፍር የሚቆርጥ ልጅ ልብ ብሎ ይይ ነው። «ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ፍርሃት ደግሞ ብዙ ሰው አስቀርቶብናል። ናሙና መውሰድ ሜላኖማን አያሰራጭም፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሞቱት አብዛኞቹ በሽታው አስቀድሞ የተሰራጨባቸው ናቸው። «በዚህ ዕድሜ ምን ያደርጋል» ለሚሉም፦ ገና ሳይሰፋ የተገኘ በማደንዘዣ መርፌ ወጥቶ ታማሚው በዕለቱ ቤቱ ይገባል፤ የዘገየው ጣት ወይም እግር ሊያስቆርጥ ይችላል።

በጠይም ሰው ብዙ ጥፍሮች ላይ የሚታይ ጥቁር መስመር አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። በአንድ ጥፍር ብቻ፣ በእርጅና አዲስ የወጣ፣ የሚሰፋ ወይም ጥቁረቱ ወደ ዙሪያው ቆዳ የፈሰሰ ከሆነ ግን ሐኪም ይየው። ከወር በላይ ያልዳነ ቁስልም እንዲሁ። ተቆርጦ የወጣው ነገር ሳይጣል ለፓቶሎጂ ምርመራ መላኩን ጠይቁ።