ቅጣቱ ወደ ከፋዩ ሲዞር

በዮሐንስ ወንጌል እንደ ተጻፈው፣ ጸሐፍትና ፈሪሳውያን በምንዝር የተያዘችውን ሴት አምጥተው በጌታ ፊት ባቆሟት ጊዜ፣ አብሯት የበደለው ሰው የት እንደ ደረሰ ወንጌላዊው አንዳች አልነገረንም፤ የኦሪት ሕግ ግን በሁለቱም ላይ ይፈርድ ነበር። ይህ የሰውየው መሰወር በብዙ አገር የፍርድ ልማድ ሆኖ ኖሯል፤ ገላዋን የምትሸጠው ሴት ተይዛ ስሟ በመዝገብ ሲሰፍር፣ ከፍሎ የመጣው ሰው ባርኔጣውን አስተካክሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በአሜሪካ የዝሙት ንግድ ጉዳይ በአብዛኛው ለየግዛቱ ምክር ቤት የተተወ ስለ ሆነ፣ ኔቫዳ በአንዳንድ አውራጃዎቿ በፈቃድ የሚሠሩ ቤቶችን ስትታገሥ፣ ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2021 ከግዛቶቹ ሁሉ ቀድማ በከፋዩ ላይ የጸና ሕግ ደነገገች። ከ1973 ጀምሮ የሂውስተን እንደራሴ የሆኑት ወይዘሮ ሴንፍሮኒያ ቶምሰን ያቀረቡትን ረቂቅ ቁጥር 1540 አገረ ገዢው ግሬግ አቦት ፈርመውበት፣ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ በገንዘብ ሩካቤን መሻት ከመጀመሪያው ጊዜ አንሥቶ ከባድ ወንጀል ሆነ። በዚህም ሕግ ቅጣቱ ከ180 ቀን የማያንስ፣ ከ2 ዓመት የማይበልጥ እስራትና እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ መቀጮ ነው፤ ለደገመው ሰው እስራቱ ከ2 እስከ 10 ዓመት፣ የተፈለገችው ልጅ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ ከ2 እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። የደንጋጊዎቹም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከፋይ ባይኖር ደላላው ሴት ልጅን አታልሎም ሆነ አስገድዶ ለገበያ ባላቀረበም ነበር።

ወንጀሉ የሚፈጸመው ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው በመኝታ ቤት አይደለም። ሰውየው ገንዘብ እከፍላለሁ ብሎ ካቀረበ፣ ወይም ክፈል ሲባል እሺ ካለ፣ እጁ ገና ከኪሱ ሳይወጣ ወንጀሉ ተፈጽሟል። ስለዚህ ፖሊሶች ራሳቸውን እንደ ሴተኛ አዳሪ አስመስለው በስልክና በበይነ መረብ መልእክት ይለዋወጣሉ፤ የተጻፈው ቃልም ማስረጃ ይሆናል፤ ልጅቱ በእውነት ባትኖርም እንኳ፣ ዕድሜዋ ከ18 በታች መሆኑ የተነገረው ሰው ከከባዱ ቅጣት አያመልጥም። ዳኛው እስራቱን በገደብ ሊያቆመው ቢችልም፣ የወንጀለኝነቱ ስም ከመዝገብ በቀላሉ አይፋቅም።

በዳላስና በሂውስተን ለሚኖሩት ብዙ ወገኖቻችን ነገሩ ከዚህም የጠለቀ ነው። ዜግነት ያላገኘ ሰው ወደ አሜሪካ በገባ በ5 ዓመት ውስጥ፣ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊያሳስር የሚችልና ግብረ ገብነትን የሚጥስ ተብሎ የሚቈጠር ወንጀል ከፈጸመና ከተፈረደበት፣ ወህኒ ሳይወርድም ከአገር ሊባረር ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ጠበቃ ይህን አደጋ ለደንበኛው እንዲያስረዳ ግዴታ ጥሎበታልና፣ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ በገደብ ለመገላገል የሚቸኵል ሰው አስቀድሞ ጠበቃውን ይጠይቅ።

ከፋዩን መቅጣት ፍትሕ መሆኑን እኔም አምናለሁ፤ ነገር ግን ቴክሳስ ፊቷን ወደ እርሱ ስታዞር እጇን ከሴቲቱ ላይ አላነሣችም። በ1999 ይህን መንገድ የጀመረችው ስዊድን የምትቀጣው የሚገዛውን እንጂ የምትሸጠውን አይደለም፤ ሜይንም በ2023 ለአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያ ሆና ይህንኑ ተከተለች። በቴክሳስ ግን ሴቲቱ እስከ 180 ቀን ልትታሰርና እስከ 2,000 ዶላር ልትቀጣ ትችላለች። በሰው ነጋዴዎች ተገድጄ ነው የሚል መከላከያ ሕጉ ቢፈቅድላትም፣ ያን የምታቀርበው ተከሳ ከቆመች በኋላ ነው፤ ያስገደዳትን ሰው ስም መጥራት ደግሞ ለምትፈራው ቀላል ነገር አይደለም። ቅጣቱም ከመመላለሷ ጋራ እየጨመረ ይሄዳልና፣ ሦስት ጊዜ የተፈረደባት ሴት በአራተኛው ስትያዝ፣ ከፋዩ በመጀመሪያው ቀን ከሚቆምበት ከከባድ ወንጀለኞች ተርታ ትሰለፋለች።