የዱር እንጉዳይ ከመበላቱ በፊት

ክረምት ሲገባ በየጫካውና በየኩይሳው እንጉዳይ ይበቅላል። ከዚሁ መካከል የሚበላ አለ፤ የሚገድልም አለ። ትል የበላው ወይም ጣዕሙ ያማረ ሁሉ ደኅና ነው ማለት ስሕተት ነው። የገዳዩን መርዝ መቀቀልም ሆነ ማድረቅ አያጠፋውም።

እንጉዳይ ለምርመራ ሲወሰድ ከነግርጌው ተቆፍሮ ይውጣ፤ የገዳዩ ዋና መለያ፣ ከግንዱ ሥር ያለው ከረጢት፣ አፈር ውስጥ ተደብቆ ይቀራልና።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከተበላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት በኋላ በትውከትና በተቅማጥ ይጀምራል። ቀጥሎ የተሻለ ይመስላል፤ ጉበት ግን እየተጎዳ ነው። ስለዚህ በሽተኛው ቢሻለውም፣ አብረውት የበሉትም ባይታመሙ፣ ከተረፈው እንጉዳይ ጋር ፈጥነው ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ በትክክል ያልታወቀ እንጉዳይ እንዳይበላም ሆነ እንዳይሸጥ ማስተማር ይገባቸዋል።