አልነሳም ያለ ኮምፒውተር፦ ተረትና እውነታ

ኮምፒውተር ማብሪያው ከተጫነ ጀምሮ የዊንዶውስ መግቢያ ገጽ እስኪመጣ አራት ደረጃዎችን ያልፋል። መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ከሶኬት የመጣውን ኃይል ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ቀይሮ ያከፋፍላል። ቀጥሎ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና የስክሪን ካርዱን ይፈትሻል። ከዚያ ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ ይፈልጋል፤ በመጨረሻ ዊንዶውስ ራሱ ይነሳል። «አልነሳም አለ» የሚለው አቤቱታ ማሽኑ ከአራቱ በየትኛው ላይ እንደቆመ አይናገርም። በጉዳዩ ዙሪያ የሚወራው ተረት አብዛኛው የሚመነጨውም አንዱን ደረጃ ከሌላው ከማምታታት ነው።

«ፋኑ ከዞረ ፓወር ሰፕላዩ ደህና ነው» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ፋኑ የሚፈልገው 12 ቮልት ብቻ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ግን ሥራ የሚጀምረው ሁሉም ቮልቴጆች ልካቸውን መያዛቸውን የሚገልጽ ምልክት ከፓወር ሰፕላዩ ሲደርሰው ነው። የደከመ ፓወር ሰፕላይ ፋን እያዞረ፣ መብራት እያበራ፣ ስክሪኑን ጨለማ አድርጎ ሊያስቀር ይችላል። አስተማማኙ መፈተሻ ደህናነቱ በታወቀ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ለውጦ ማየት ነው። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ራሱን መክፈት ግን ለባለሙያ ይተዋል፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዘው ይቆያሉ። ከአሜሪካ በዘመድ በኩል የመጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ደግሞ ከመሰካቱ በፊት ጀርባው መታየት አለበት። ብዙዎቹ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ አላቸው፤ 115 ላይ እንዳለ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ የተሰካ ፓወር ሰፕላይ ወዲያው ይቃጠላል። ቻርጀሩ ላይ 100-240 የሚል የተጻፈበት ላፕቶፕ ይህ ስጋት የለበትም።

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያስወጣው ተረት «ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» የሚለው ነው። ማዘርቦርድ የሚቃጠልበት ጊዜ አለ፤ ከእሱ በፊት የሚጠረጠሩት ግን ብዙ ናቸው። የሞኒተሩ ገመድ ላልቶ ሊሆን ይችላል። የተለየ ስክሪን ካርድ ባለው ዴስክቶፕ ላይ ገመዱ በካርዱ ፈንታ ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ሊገኝም ይችላል። ከሁሉ የሚዘወተረው ግን ራም ነው፤ ማሽኑ ከቦታ ቦታ ሲጓጓዝ ይላላል፣ አቧራም መገናኛውን ይሸፍነዋል። የኃይል ገመዱ ተነቅሎ ማብሪያው ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ ሲያዝ የቀረው ኃይል ይወጣል። ከዚያ በራሙ ጫፍ ያሉት መቆለፊያዎች ተከፍተው ራሙ ይወጣል፤ ወርቅማ ጥርሶቹ አልኮል በነካው ንጹሕ ጨርቅ በስሱ ይጠረጋሉ፤ መቆለፊያው ቀጭ እስኪል ተጭኖ ይመለሳል። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ፣ በየማስገቢያው እየተለዋወጠ ይሞከራል። በላጲስ መፈተግ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ይሠራልም። ነገር ግን ፍርፋሪው ማስገቢያው ውስጥ ይቀራል፣ ስሱ ወርቅም ይላጣል፤ አልኮል እያለ የሚመረጥ አይደለም።

ማሽኑ ሲነሳ የሚያሰማው ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅም ከባዮሱ ፍተሻ የሚመጣ ነው። ይሁንና ሦስት ጢጥታ ለሁሉም ማሽን አንድ ትርጉም የለውም፤ እንደ ባዮሱ አምራች ይለያያል።

ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪም ያለ ስሟ ስም ይሰጣታል። ስትደክም አብዛኛው ኮምፒውተር መነሳቱን አያቆምም፤ ሰዓትና ቀኑ ግን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ባዮሱም ኤፍ1 ተጫኑ እያለ ይጠይቃል። ቀኑ ሲዛባ ደግሞ ብራውዘሩ ድረ ገጾችን አላምንም ይላል፤ ጥፋቱ ኔትወርኩ ላይ ይወድቃል።

«ቫይረስ ነው» የሚለውን ፍርድ ደረጃውን በማየት ብቻ መመዘን ይቻላል። ተራ ቫይረስ ዲስክ ላይ የሚኖር ፕሮግራም ነው፤ የአምራቹ አርማ እንኳ ያልታየበት ማሽን ገና ዲስኩ ጋ አልደረሰም። ለዚህ ደንብ የታወቀ አፈንጋጭ አለ፦ ቼርኖቤል የሚል ቅጽል የወጣለት ሲአይኤች የተባለ ቫይረስ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1999 በዊንዶውስ 95 እና 98 ማሽኖች ላይ ሲነቃ የአንዳንዶቹን ባዮስ ጭምር አጥፍቷል። እንዲህ ያለው ግን ብርቅ ነው።

«ፎርማት ይደረግ» የመጨረሻውና ጎጂው ተረት ነው። የሚነሳ ዲስክ አልተገኘም የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ምክንያቱ የተረሳ ፍላሽ ሊሆን ይችላል፤ ፍላሹ ተነቅሎ ማሽኑ እንደገና ይነሳል። አርማው ታይቶ ዊንዶውስ ላይ ከቆመ ደግሞ ዊንዶውስ የራሱ መጠገኛ አለው። ኤፍ8ን መደጋገም ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በአብዛኛው አይሠራም፤ አነሳሱ ሁለት ሦስት ጊዜ በማጥፊያው ሲቋረጥ ግን የመጠገኛው ገጽ ራሱ ይመጣል። ቀጭ ቀጭ የሚል ሃርድ ዲስክን ፎርማት አያድነውም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባትም እርጥበት ይጨምርበታል እንጂ አይፈውሰውም። የጠፋው ፋይል «በሶፍትዌር ይመለሳል» የሚለው ማጽናኛ በድሮው ሃርድ ዲስክ አንዳንዴ ይሠራል። በኤስኤስዲ ግን ዲስኩ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳው ተስፋው የመነመነ ነው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ፋይልን ማስቀደም ነው። ኡቡንቱ የተባለው ሥርዓተ ክወና ፍላሽ ላይ ተዘጋጅቶ ማሽኑ ከፍላሹ ሲነሳና «ሳይጫን መሞከር» የሚለው ምርጫ ሲወሰድ፣ ዲስኩ እስካልሞተ ድረስ ፎቶና ሰነዱ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል። በማይክሮሶፍት አካውንት በተዘጋጁ ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ግን ዲስኩ የተመሰጠረ ስለሆነ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠየቃል፤ ቁልፉም አብዛኛውን ጊዜ በባለቤቱ አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ፋይሉ ሳይወጣ ፎርማት እንዲደረግ መፍቀድ የሚጠገነውን ትቶ የማይተካውን መጣል ነው።